ፕላስተሩ ያልተነሳላቸው ሽቦዎች

መርማሪዋ ስትደርስ የአብራሪው አስከሬን ተነስቶ ነበር፤ የቀረው መቀመጫው ነው። የመንገዱ ኮረኮንች ወገቧን ጨርሶታል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ስንቱ ሪፖርት «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ እንደተዘጋ መቁጠሩን ትታዋለች። ሙት መልስ አይሰጥም፤ ጥፋቱን እሱ ላይ መጣል ለሁሉም ይቀላል።

ባለ ሁለት ሞተሯ ትንሽ አውሮፕላን ፖስታ ጭና በተነሳች በአራተኛው ደቂቃ ነው የወደቀችው። የአውሮፕላን ሜዳው ሥራ አስኪያጅ ምክንያቱን ቀድሞ አዘጋጅቶ ጠበቃት።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የተበላሸው ቀኙ ሞተር ነው። እሱ ግን ደህናውን፣ ግራውን አጠፋ።»

አልዋሸም። ቀኙ ሞተር ዘይት አጥቶ ደርቋል። ግራው ጤነኛ ነው፤ የፕሮፔለሩ ምላጮች ግን አብራሪ ሞተር ሲያጠፋ እንደሚያደርገው ጠርዛቸውን ለነፋስ ሰጥተው ቆመዋል። ግራ የገባት ሌላ ነው። ሟቹን ባልደረቦቹ «ቀስ በል» ይሉት ነበር፤ ሻይ እንኳ ሳያማስል ሁለቴ የሚያስብ ሰው ነበር ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው በምን ተደናገጠ?

ሚስቱ የመጣችው የሜዳው መካኒክ በሆነው በዋርሳዋ፣ በሟቹ ወንድም ክንድ ተደግፋ ነው። ከአደጋው ወዲህ አሥር ቀን ሙሉ ከቤቷ አልተለየም።

«የሞተውስ ሞተ» አለች ለመርማሪዋ። «ልጄ ግን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች። ‹አባትሽ ደህናውን ሞተር አጥፍቶ ነው የሞተው› እያሏት።»

መካኒኩ ሲጠየቅ ሥራውን አንድ በአንድ አስረዳ። በአደጋው ዋዜማ የቀኙ ሞተር የዘይት ግፊት መለኪያው፣ የጌጁ መርፌ ይዘል ነበር። የታመመው ጌጁ ይሁን ሞተሩ ለመለየት የሁለቱን ጌጆች ሽቦ አቀያየረ፤ መዝለሉ ወደ ሌላኛው ጌጅ ከተሻገረ ችግሩ ከሞተሩ በኩል ነው። በነቀላቸው ሽቦዎች ላይ ለምልክት ነጭ ፕላስተር ይለጥፋል፤ ወደ ቦታቸው ሲመልሳቸው ብቻ ይልጠዋል። መልሻቸዋለሁ አለ፤ መዝገቡም ይህንኑ ይላል። መርማሪዋ መዝገቡን ተቀብላ፣ ወገቧን እየረገመች፣ ባትሪ ይዛ ከስብርባሪው ሥር ገባች።

በማግስቱ ሦስቱንም ሃንጋሩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሽቦዎቹ እንደተቀያየሩ ናቸው» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «ፕላስተሩም አለ። ቀኙ ሞተር ዘይት ሲያጣ የወደቀው የግራው መርፌ ነው። ቀኙ ሞተር ገና ጉልበት ስለነበረው አውሮፕላኗ ወደየትም አላጋደለችም። አብራሪው ከጌጁ ሌላ የሚጠይቀው አልነበረውም። ጌጁን አምኖ ግራውን አጠፋ፤ ወዲያው ቀኙ ቆመ። ዳግም ለማስነሳት ከፍታ አልነበረውም።»

«መዝገቡስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«‹ተመልሷል› የሚለው በሁለት መስመሮች መሃል ተጠቅጥቋል፤ በኋላ የገባ ነው። ጌታዬ፣ መካኒኩን ከሥራው መሃል የጠራው ሰው አለ?»

ሥራ አስኪያጁ አቀረቀረ። «እኔ ነኝ። ለሌላኛው አውሮፕላን ጎማ እንዲቀይር ስጠራው ጌጁን ፈቶ ነበር።»

ሁሉም ወደ መካኒኩ ዞሩ።

«ረሳሁት» አለ። «ትዝ ያለኝ ወድቋል ሲሉኝ ነው። ያን ቀን ማታ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ መናገር አቃተኝ።»

የሟቹ ሚስት ክንዱን ለቀቀች። «ልጄ አሥር ቀን ሙሉ ስታለቅስ እያየህ?»

መርማሪዋ ደክሟት ሣጥን ላይ ተቀመጠች፤ እውነቱን ማግኘቷ ለአንድ አፍታም አላስደሰታትም።

ሴትየዋ ስልኳን አውጥታ ቤት ደወለች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ፣ አባትሽ አልተሳሳተም። ነገ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ።» ትንሽ አዳመጠች። «እንዴት አልሽኝ? ቆይ፣ አጎትሽ ራሱ ይነግርሻል።»

ስልኩን ዘረጋችለት።