ዝሆኖቹ የናቁት ድምፅ

ዶክተር እሸቴ ገርጂ በሚገኘው ቢሮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ፊቱ ከማበጡ የተነሳ ባለቤቱ ሮሃ እንኳ ያወቀችው በሸሚዙ ነው። አጠገቡ ስምንት የሞቱ ንቦች ወድቀዋል። ጠረጴዛው ስር ደግሞ ለቅዳሜው ኤግዚቢሽን፣ ባዶ ነው ተብሎ ከባቢሌ የመጣው ቀፎ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ግን እንደ ወትሮው ኮሪደሩ ላይ ካለው ሚስማር ተንጠልጥሏል።

ኢንስፔክተር የሺአረግ ቁልፉን አሸተተችውና ላስቲክ ውስጥ ከተተችው።

«ንብ ከነደፈው እንደሚሞት ያውቅ ነበር» አለች ሮሃ እያለቀሰች። «ዝሆን ንብ ስለሚፈራ ከእርሻ ለማባረር የተቀዳ ድምፅ ይበቃል፣ ቀፎ መስቀል አያስፈልግም እያለ አሥር ዓመት ለፋ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የተማረ ሰውም አንዳንዴ እንደዚያው ነው።

ጸሐፊዋ ማራናታ ቀጠለች። «ከአራት ሰዓት ጀምሮ መብራት ስለጠፋ ደብዳቤ ላሳትም ቦሌ መድኃኔዓለም ሄድኩ። ስመለስ ስድስት ሆኗል።»

የድምፅ ቴክኒሻኑ ካሊድ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። «አምስት ሰዓት ላይ በበሩ ሳልፍ የንብ ድምፅ ሰማሁ። ስፒከሩን እየሞከረ መስሎኝ አለፍኩ። ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ቶሎ ይልቀቁኝ። ባቢሌ እናቴ ብቻዋን ናት። ማሽላው ደርሷል፣ ዝሆኖቹ ዛሬ ነገ ይመጣሉ። አምና አባቴን ረግጠው የገደሉት በዚሁ ወቅት ነው።»

«ቤታችሁ ንብ ታረባላችሁ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። የተቆጣ ንብ ድምፁ ሌላ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።»

የሺአረግ ሦስቱንም ማራናታ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መብራት ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስካሁን አልመጣም። የዶክተሩ ክፍል ስፒከር ባትሪ የለውም፤ ይህን ደግሞ የገጠመው ካሊድ ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ አምስት ሰዓት ላይ የሰማው እውነተኛ ንብ ነው። ማራናታ ብትሆን ልትሳሳት ትችል ነበር። ንብ አርቢ ግን የተቆጣ ንብን ከቅጂ አያምታታም። ቁልፉ ደግሞ ሰም ሰም ይሸታል። ቀፎውን የከፈተው እጅ ነው በሩን የቆለፈው።»

ካሊድ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ዝሆን ሞኝ አይደለም» አለ። «መጀመሪያ ሸሹ። የሚነድፋቸው ሲያጡ ድምፁን ናቁት። እውነተኛ ቀፎ ይሰቀልልን ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኩት። አባቴ ሲሞት ምን አደረገ? ሌላ ስፒከር ጨመረልን! እንዲሞት አልፈለግኩም ብዬ አልዋሽም። በሩን ሲደበድብ ቆሜ ሰምቼዋለሁ።»

ሮሃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ካሊድ ቀና አለ። «እኔስ ይሁን፤ የእጄን ነው ያገኘሁት። ለእናቴ ማን ይድረስላት? ማሽላው ውስጥ ያለው ስፒከር ብቻ ነው።»

የሺአረግ ስልኳን አወጣች። ለማን እንደምትደውል አላወቀችም። መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ያኔ መብራት መጣ። ከዶክተሩ ክፍል የንብ ድምፅ ተነስቶ ኮሪደሩን ሞላው። ማንም ዞር ብሎ አላየም።