የቁርቁራ ሐይቅ አሥራ አንድ ዓሦች

ያዕቁብን ጎህ ሲቀድ ሞቶ አገኙት፤ በቁርቁራ ሐይቅ ዳር፣ ፊቱን ውሃው ላይ ደፍቶ፣ ከወገቡ በታች በመረብ ተጠቅልሎ። ከአሊዩ አምባ ቁልቁል ያለችው ይህች ትንሽ ሐይቅ የአርባ ቤት ጉሮሮ ናት። ዓሣው በሚራባባቸው ሦስት ወራት ማንም መረብ እንዳይጥልባት የሚጠብቀው ያዕቁብ ነበር።

ኢንስፔክተር ሸዋወርቅ ከደብረ ብርሃን ስትደርስ ረፍዷል። ገዳዩ ተይዟል ተባለች። ዓሣ አስጋሪው ጃፈር የፊጥኝ ታስሮ ከሾላው ሥር ተቀምጧል። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ሌይላ ከጎኑ ሆና አፈር ትቆነጥራለች።

«መረቡ የእሱ ነው» አሉ የአስጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር አብዱልጀሊል፣ ድምፃቸው የደከመ ሽማግሌ። ከኋላቸው፣ በሕይወት የቀረችላቸው አንዲት ልጃቸው ዩምና ቆማለች። «በእገዳው ወር ሲያሰግር ያዕቁብ ደረሰበት። ጀናዛው ከዐስር ሶላት በፊት ይቀበራል። ይዘሽው ሂጂ ልጄ፣ አገሩም ይረጋጋ።»

ሸዋወርቅ ባለፈው ዓመትም በሌላ ወረዳ እንዲሁ ይዘሽው ሂጂ ተብላ አንድ ሰው ይዛ ሄዳ ነበር። ንጹሕ መሆኑ የታወቀው እስር ቤት ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የገዛ ዓይኗንም ማመን አቅቷታል።

ጎንበስ ብላ አስከሬኑን መረመረች። ማጅራቱ ተፈንክቷል። መረቡ ውስጥ ቆሮሶ የሚባሉ አሥራ አንድ ዓሦች አሉ። አንድ በአንድ እያነሣች አገላበጠቻቸው፤ ከዚያም ወደ ጃፈር ሄደች።

«መረቡ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው። ግን ሳምንት ሆነው። ዓይኑ ጠባብ ነው፣ የዓሣውን ጫጩት ሁሉ ይለቅማል ብሎ ያዕቁብ ቀማኝና እዚህ ሾላ ላይ ሰቀለው።»

ደንቡ እንዲያ ነው። የተወረሰ መረብ ባለቤቱን እንዲያሳፍር ሾላው ላይ ይሰቀላል፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያየዋል።

«ተጣልታችኋል?»

«ተሰዳድበናል። አንተ የዓሣ ሚዜ አልኩት። ወላሂ፣ አብሮኝ ሳቀ።»

ሌይላ ቀና አለች። «እሱን ከወሰድሽብኝ ይህን ልጅ ማን ደጅ ልወልደው?»

ሸዋወርቅ አንዱን ዓሣ ይዛ ወደ ኩብራ ሄደች። ኩብራ ዓሣ እየበለተች የምትሸጥ ሴት ናት፤ በእገዳው ወራት ግን ያዕቁብን ትረዳ ነበር።

«የሁሉም ቀኝ ክንፍ ጫፉ ተቆርጧል» አለቻት።

ኩብራ ዓሣውን ተቀብላ ብዙ አየችው። «እኛ ነን የቆረጥነው። ትናንት። እኔ ያዝኩ፣ እሱ ቆረጠ። አርባ ዓሣ። እነሱን ለቅቀን፣ ኋላ ከምንይዘው ውስጥ ስንቱ ምልክት እንዳለው አይተን፣ ሐይቁ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ልናውቅ ነበር።»

«መቼ ለቀቃችኋቸው?»

«መች ለቀቅናቸው? ዛሬ ጠዋት ነበር የምንለቃቸው። መቆያ ኩሬው ውስጥ ተቆልፎባቸዋል።»

«ቁልፉስ?»

«አንዱን ከያዕቁብ ጋር እንቀባበላለን፤ ትናንት እኔ ዘንድ ነው ያደረው። ሌላው ከጋሽ አብዱልጀሊል አይለይም። እሳቸው ደግሞ አንኮበር ስብሰባ ውለው ሲመሽ ነው የገቡት።»

«ያዕቁብን ምን ያስጨንቀው ነበር?»

«ዓሣው። መዳፍ የማታክል ቆሮሶ እንቁላል ይዛ ሲያይ፣ ትልልቆቹ አልቀዋል፣ ሐይቁ ሁለት ዓመት ይዘጋ ሊል ነበር። ለማኅበሩ ከመናገሬ በፊት ጋሽ አብዱልጀሊልን አማክራለሁ ብሎኛል።»

ሁለቱ ሴቶች ወደ ኩሬው ወረዱ። የእሾህ አጥሩ አልተነካም፤ ቁልፉም አልተሰበረም።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሁሉም ሾላው ሥር ተሰበሰቡ።

«መረቡን ከዚህ ማውረድ ማንም ይችላል» ብላ ጀመረች ሸዋወርቅ። «ገዳዩ ግን ጃፈር ሲያሰግር የተያዘ እንዲመስል ፈለገ። ባዶ መረብ ማንንም አያሳምንም፤ ሳይነጋ በቶሎ ዓሣ አስፈለገው።»

«ዓሣ ሐይቅ ሙሉ አለ» አሉ አብዱልጀሊል።

«ሐይቁ ውስጥ ያለው ክንፉ አልተቆረጠም፣ አባቴ። መረቡ ውስጥ ያሉት አሥራ አንዱም ተቆርጠዋል። የተቆረጡት አርባዎቹ ደግሞ ከኩሬው ገና አልወጡም። አሁን ሃያ ዘጠኝ ቀርተዋል፤ ኩብራ ሁለቴ ቆጠረቻቸው።» ወደታሰረው ሰው አመለከተች። «ጃፈር ቁልፍ የለውም። ኩብራ አላት፤ ግን በገዛ እጇ ይዛ ያስቆረጠቻቸውን ዓሦች መረብ ውስጥ ከትታ ራሷን አታጋልጥም። ቁልፉ ኖሮት፣ መቆረጣቸውን ያልሰማው፣ በጨለማም ያላስተዋለው፣ ትናንት እዚህ ያልዋለው ሰው ነው።»

ሁሉም ዞሮ አየ። አብዱልጀሊል ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እግራቸው ሥር አኖሩት።

«ሁለት ዓመት ይዘጋ አለኝ። ገፋሁት። ራሱን ድንጋይ መታውና ውሃው ውስጥ ወደቀ። ይንቀሳቀስ ነበር። ቆሜ አየሁት።» እጃቸው ወደ ዩምና ተዘረጋ። «ታላቅ እኅቷን የዐረብ አገር መንገድ በላብኝ፤ ጀልባዋ የት እንደሰጠመች እንኳ የነገረኝ የለም። ይቺን የያዘልኝ ይህ ሐይቅ ነው። ከተዘጋ በማግሥቱ ትሄዳለች።»

«የእኔስ ልጅ?» አለች ሌይላ።

አብዱልጀሊል ሁለት እጃቸውን ለሸዋወርቅ አቀረቡ።

የጃፈር ገመድ ተፈታ። ወንዶቹ ጀናዛውን ተሸክመው ወጡ። ኩብራ ኩሬውን ከፍታ ሃያ ዘጠኙን ዓሦች በቅርጫት እያመላለሰች ሐይቁ ውስጥ ለቀቀቻቸው። «ከእንግዲህ ማን ሊቆጥራችሁ» አለቻቸው።

ሸዋወርቅ ሽማግሌውን ይዛ ዳገቱን ስትጀምር፣ ዩምና የዓሣ ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ ለኩብራ ስትሰጣት አየች።

«ወዴት ነሽ?» አለቻት ሸዋወርቅ።

«ያዕቁብም ሐይቁን ሊዘጋው ነበር፤ አሁን ደግሞ ደም ፈሶበታል፣ ማን ይከፍተዋል?» አለች ዩምና። አባቷን ቀና ብላ አላየችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና እኅቷ የሄደችበትን የቆላ መንገድ ቁልቁል ተያያዘችው።