ጨሞጋ ሲሞላ

ነብሩ ከቋጥኙ ላይ ወደ በቅሎዋ ተወረወረ። ያሕያ ኩታውን ፊቱ ላይ ጣለበትና ሸለቆው እስኪያስተጋባ ጮኸ። አውሬው ፈትለክ ብሎ ጥሻው ውስጥ ገባ።

«ነብሩስ ሄደ» አለች ማንጠግቦሽ፣ አፋፉን ሽቅብ እያየች፤ «ጩኸቱን ግን የሚከተሉን ባንዶች ሰምተዋል።»

ማለዳ ከይጁቤ ሲወጡ ጉም ጋርዷቸው ነበር። ማንጠግቦሽ በዋዜማው ለጣሊያን ምሽግ እህል ስታደርስ፣ ጦሩ ከሁለት ቀን በኋላ ጎሕ ሲቀድ ከጨሞጋ ማዶ ያሉትን አርበኞች ሊከብ መሆኑን ሰማች። ባሏ አወቀ እዚያ ነው። የጨው ነጋዴው ያሕያ የወንዙን መሻገሪያ ስለሚያውቅ «እኔ አደርስሻለሁ» አላት። አፋፉ ላይ በረዶ ወረደባቸው፤ ገደሉን ሲጨርሱ ደግሞ የቆላው ወበቅ ትንፋሽ አሳጣቸው።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጥይት አፏጨ።

«ውሃው ገና እስከ ጉልበት ነው» አለች።

«የጮቄን ተራራ እዪው፣ ጠቁሯል! ደራሽ ውሃ ሳይመጣ ግቢ! ጭራዋን ያዢ!»

በቅሎዋ ውሃውን ሰንጥቃ ገባች። መሐል ሲደርሱ ከላይ እንደ ነጎድጓድ የሚያጓራ ድምፅ መጣ። ጭቃ ጭቃ የሚሸት ነፋስ ፊታቸውን መታው። በቅሎዋ ተፍጨርጭራ ማዶ ስትወጣ፣ ግንድና ድንጋይ የሚያንከባልል ቀይ ጎርፍ ከኋላቸው አለፈ።

እግር በእግር ተከትሏቸው የገባ አንድ ባንዳ ተጠራርጎ የሾላ ሥር ላይ ተንጠለጠለ። ጓደኞቹ ወዲያ ማዶ ቀሩ።

«እናንተ ሰዎች! ስለ ማርያም!»

ያሕያ በቅሎዋን ሳበ። «ተይው፣ ሊገድለን የመጣ ነው!»

«አያ ያሕያ፣ ዓይኔ እያየ ውሃ አይበላውም። የበቅሎዋን ገመድ ይያዙልኝ!»

ጎትተው አወጡት። ሰውየው ውሃ እያስታወከ እግሯ ላይ ወደቀ።

«እንዳላማው እባላለሁ። ለአርበኞቹ ከሆነ የምትሮጡት፣ ፍጠኑ! ቀኑ ተለውጧል። ጦሩ በድልድዩ ዞሮ ዛሬ ጀንበር ስትጠልቅ ይደርሳል!»

ተያዩ። ከዚያ ሦስቱም ዳገቱን በሩጫ ተያያዙት። እሾህ ቧጨራቸው፤ ወንዶቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ማንጠግቦሽ ግን ልቧ እየዘለለ፣ ከዚህ ቀደም የማታውቀው ኃይል እየገፋት ሽቅብ በረረች።

የአርበኞቹ ሰፈር ሲደርሱ ጀንበር አዘቅዝቃ ነበር። አርበኞቹ ቁስለኞቻቸውን ተሸክመው ወዲያው ወደ ጫካው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን መትረየስ ባዶውን ሰፈር ይቆላው ጀመር።

አወቀ ሚስቱን እቅፍ አድርጎ «ነገ ጎርፉ ሲጎድል ወደ ቤት እሸኝሻለሁ» አላት።

«ወደ የትኛው ቤት?» አለችው እየሳቀች። «ሌላ ጠመንጃ አላችሁ?»