ያልተነጠፈው ፍራሽ

የፊልሙ ዳይሬክተር በጠዋት ከሰገነቱ ሥር፣ በባዶው ሲሚንቶ ላይ፣ አንገቱ ተሰብሮ ሞቶ ተገኘ።

ሰገነቱ ለፊልሙ ሲባል ስቱዲዮው ውስጥ የቆመ ነው። መደገፊያው ሲገፉት እንዲሰበር በስስ ጣውላ ተሠርቷል። ከሥሩ ግን ካሜራ የማያየው ወፍራም ፍራሽ መነጠፍ ነበረበት። የዚያን ቀን ረፋድ ከላይ የሚወድቀው ወጣቱ ተዋናይ ነበር።

ፍራሹ ከመጋረጃ ጀርባ ተጠቅልሎ ተገኘ።

ዳይሬክተሩ መደገፊያውን ሊፈትሽ ወጥቶ ሳያስበው ወደቀ እንጂ ወጥመዱ ለተዋናዩ ነበር። ሁሉም እንዲህ አሉ። ተዋናዩ ይህን ሲሰማ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። ውሃ ሲሰጡት መጀመሪያ አሸተተው።

«ጠላት አለህ?» አለችው ከፖሊስ የመጣችው መርማሪ።

«ተዋናይ ነኝ እኮ። ጓደኛ አለህ ወይ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።»

ሚናውን በእሱ የተነጠቀ ሌላ ተዋናይ ሰው ፊት ዝቶበት እንደነበር ነገራት። ነገሩ ተጣራ። ሰውየው ሌሊቱን ሆስፒታል እናቱን ሲያስታምም ነው ያደረው። ይህ ፍርሃቱን አባሰው። የሚያውቁት ጠላት ይሻላል፤ የማያውቁት ግን በየትኛው በር እንደሚገባ አይታወቅም።

የዳይሬክተሩ የዘመናት ረዳት በሩን አንኳኩቶ ገባ። ካሜራ ፊት የሚርበተበቱትን ማረጋጋት የእሱ ሥራ ነበር፤ እጁም አፉም ለምዶታል። መርማሪዋ መስኮቱ አጠገብ መቆሟን እያየ እንኳ የተዋናዩን ትከሻ ያዝ አደረገው።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አንተን የፈለገ የለም። አንተ እስክትደርስ ፍራሹ ቦታው ይመለስ ነበር።»

ተዋናዩ ትከሻው ላይ ያረፈው እጅ ሲከብደው ተሰማው።

«ማን ነበር የሚመልሰው?» አለች መርማሪዋ።

ረዳቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ተናገረ። ዳይሬክተሩ ተዋናይ የሚወድቀውን አወዳደቅ ማንም ሳይመጣ ራሱ ይሞክረው ነበር፤ ፈርቶ እንዳይታይ። ፍራሹን የሚያነጥፍለት ረዳቱ ብቻ ነው። ያን ጠዋትም ሰገነቱ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ «ተነጠፈ?» ሲል ጠየቀ። «ተነጥፏል» አለው ረዳቱ።

ዳይሬክተሩን ያስከበረው የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። እዚያ ፊልም ላይ ከጣሪያ የሚወድቀው ልጅ የረዳቱ ታናሽ ወንድም ነው። ከቀረጻ በኋላ ደረጃ ላይ አዳልጦት ሞተ ተብሎ ተቀበረ። ሰሞኑን ፊልሙ ሊታደስ ጥሬ ቅጂው ሲወጣ ረዳቱ ከፊልሙ ተቆርጦ የቀረውን ክፍል አየ። ልጁ ከወደቀበት አልተነሳም። ዳይሬክተሩም ካሜራው እንዲቆም አላዘዘም።

«ሰዉ ወንድሜ ሲወድቅ ያጨበጭባል» አለ ረዳቱ። «በየአዳራሹ። እኔም አብሬ አጨበጭብ ነበር።»

ፖሊሶች ረዳቱን ይዘውት ወጡ። ተዋናዩ ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። በልጅነቱ ተዋናይ ልሁን ያሰኘው ያ አወዳደቅ ነው፤ መስታወት ፊት ቆሞ እንደዚያ መውደቅ ሲለማመድ ነው ያደገው።

«ያን ፊልም አይተኸዋል?» አለችው መርማሪዋ።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም» አለች። ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ «ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት» አለችው።