ቀለሙ ላይ ያረፈው ጭጋግ

«ማን ነው በዝናብ ቀን የረጨው?»

የትምህርት ቤቱ ሞዴል መኪና ክለብ አለቃ ሺባታ ትንሿን መኪና በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለሁሉም አሳየ። አያቶቻቸው በወጣትነታቸው ይነዷት የነበረችው የድሮ መኪና ናት፣ ከመዳፍ በማትበልጥ ፕላስቲክ የተሠራች። ትናንት ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ነበረች። ዛሬ ጣሪያዋም ኮፈኗም ወተት የተደፋበት መስሏል።

ሚዮሪ መልሱን ታውቃለች። የረጨችው እሷ ናት። ያስረጫት ደግሞ ራሱ ሺባታ።

በሰኔ ዝናብ የሚያብረቀርቅ ቀለም እንደማይረጭ፣ የሞዴል ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው በሺዙኦካ የማያውቅ ልጅ የለም። እርጥበቱ ያልደረቀው ቀለም ውስጥ ይገባና ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ሚዮሪ ትናንት ይህንኑ ተናግራ ነበር፤ ያውም በአክብሮት፣ ምክንያቱም በክለቡ ደንብ በአንድ ክፍል የሚበልጥ ሁሉ አንቱ ይባላል።

«አየሩ እርጥብ ነው፤ እስከ ነገ ቢታገሱስ?»

«አለቃዋ አንቺ ነሽ? ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ነው። ርጪ!»

ይህን ሲል ጓደኛዋ ኮዮሚ አጠገቧ ተቀምጣ የመኪናዋን ጎማዎች ትቀባ ነበር።

አሁን የክለቡ ኃላፊ መምህር ኦኪ እጃቸውን አጣምረው ወደ ሚዮሪ ዞሩ። «ማን ነው ያዘዘሽ?»

«ሺባታ ናቸው።»

«እኔ?» ሺባታ ሳቀ። «ኧረ ተይ! ቆዪ ብዬሽ አልነበር? ኮዮሚ ትመስክር።»

ኮዮሚ በእጇ የያዘችውን ብሩሽ አየች። «እኔ እንጃ… ጎማ እየቀባሁ ነበር። አልሰማሁም።»

«በቃ፣ ሚዮሪ፣ ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ» አሉ መምህሩ። ሁሌም እንዲህ ናቸው። እውነቱ ተጣርቶ ክፍሉ ከሚታመስ፣ አንድ ልጅ አጎንብሶ ሁሉም ዝም ቢል ይሻላቸዋል።

ሚዮሪ ለይቅርታ አጎነበሰች። ወለሉን እያየች ጥርሷን ነከሰች። መምህሩ ረክተው ወጡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሺባታ፣ ኮዮሚና እሷ ብቻ ቀሩ።

የሺባታ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። «ስሚ እንጂ፣ እናትሽ ቀለም ፋብሪካ አይደል የምትሠራው? እንዲህ ያለው ነገር ይድናል?»

«ይድናል።»

መድኃኒቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር። ስስ አድርገው ሲረጩት ቀለሙ እንደገና ይለሰልሳል፣ የታሰረው እርጥበት ይወጣል፣ ጭጋጉ ይገፈፋል። ትናንት ማታ ፈርታ እናቷን ለምና ነው ያመጣችው።

«ታዲያ ምን ይገትርሻል?»

ሚዮሪ ከመኪናዋ ጋር የሚቆመውን ካርድ አነሳች። ባለፈው ሳምንት የታተመ ነው፦ ቀለም ቅብ፣ ሺባታ ኬንጎ።

«ይሄ የማን ስም ነው?»

«የእኔ ነዋ። የአለቃ ስም ነው የሚጻፈው። ሁሌም እንደዛ ነው።»

«ስታምር የእርስዎ፣ ስትበላሽ የእኔ?»

«አታካብጂ!»

«ሚዮሪዬ፣ በናትሽ» አለች ኮዮሚ። «አድኛትና እንገላገል። የሁላችንም ሥራ ናት።»

«የሁላችንም ከሆነች ትናንት ጆሮሽ የት ነበር?»

ኮዮሚ ብሩሿን ጣሳ ውስጥ ከተተች።

ሚዮሪ ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሱን አወጣች። ሺባታ በረጅሙ ተነፈሰ። መኪናዋ በክብ መብራቶቿ ቁልጭ ቁልጭ ትላለች። ሦስት ወር ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰቻት ሚዮሪ ናት፤ እያንዳንዱን ጠርዝ በጣቷ ታውቀዋለች። እጇ በላት። ትንሽ ብትረጭ ሰማያዊው ይመለሳል። ያን ጊዜ ግን መኪናዋ በሺባታ ስም ታበራለች፣ ያጎነበሰችበት ጥፋትም የእሷ ሆኖ ይቀራል።

ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። መኪናዋን ማሳያው ላይ አስቀመጠች፣ ካርዱንም ፊት ለፊቷ አቃንታ አቆመች።

«እንዲሁ ትቅረብ» አለች። «ስምህ ከሩቅ ይነበባል።»

«ስምህ? እኔን ነው አንተ የምትዪው?»

ሚዮሪ ወደ ኮዮሚ ዞረች። «መምህር ኦኪ ቢሯቸው ናቸው። የሰማሽውን ስትነግሪያቸው እረጫለሁ። እዚሁ ነኝ።»

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ከዕለቱ ሥራ በኋላ የሁሉንም ብሩሽ የሚያጸዱት ታናናሾች ናቸው፤ ዛሬ ተራው የሚዮሪ ነበር። ብሩሾቹ ወደተከመሩበት ጣሳ ሄደች። ከመሃል የራሷን ብቻ መዝዛ አወጣችና ተቀምጣ ማጽዳት ጀመረች።