ራም ሊያመጣ ሄዶ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰድቤዋለሁ። ምን ልደብቃችሁ!

ደብረ ታቦር፣ ከዩኒቨርሲቲው አለፍ ብሎ፣ ትንሽ የጽሕፈት ቤት አለችኝ። የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ያን ቀን ኮምፒውተሬ ደርቆ፣ ወረፋው በር ድረስ ደርሶ፣ አንድ ረጅም ልጅ ከኋላ ሆኖ ሳቀ።

«ምን ያስገለፍጥሃል? ሥራ የለህም?»

«ሥራዬ ይሄው ነው እህቴ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ራሙ፣ ማስታወሻው ማለቴ ነው፣ ሁለት ጊጋ ብቻ ሆኖ ይሄን ሁሉ ፋይል ትከፍቺበታለሽ። አሳዘነኝ እኮ!»

«ኮምፒውተሩ ነው ያሳዘነህ?»

«አንቺማ ታስፈሪያለሽ።»

ነጂብ ይባላል። ከዚያ ቀን በኋላ ማሽኔ ባይታመምም ይመጣ ነበር። ወደድኩት። እሱም ወደደኝ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለኝም።

አባዬ፣ አቶ አብዱልቃድር፣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አንድ የወረታ ነጋዴ ሽማግሌ ላከብኝ። እንዳይሰጡኝ አባዬ እግር ላይ ወድቄ ለመንኳቸው።

«የምትፈልጊው ሰው ካለ ሽማግሌ ይላክ» አሉኝ። «እስከ አርብ እጠብቃለሁ። ከጁምአ በኋላ ለወረታዎቹ ቃሌን እሰጣለሁ።»

ነጂብ ሲሰማ ፊቱ በራ። «ሐሙስ ይፋግ ሄጄ አጎቴን አመጣለሁ። አርብ እናንተ ቤት ነን!»

እዚህ ላይ ነው የኔ እብደት የሚመጣው። ነጂብን ላስደንቀው ብዬ በድብቅ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ባሕር ዳር ልኬ ነበር። «ስምንት ጊጋ ራም አምጣልኝ» አልኩት፤ ሌላ ምንም አላልኩም። ማክሰኞ ጠዋት መጣልኝ። ነጂብ ሲያደርግ እንዳየሁት የማሽኑን ጎን ከፈትኩ። መብራቱን እንኳ ሳልነቅል አሮጌውን ራም መዝዤ አዲሱን ሰካሁ። እምቢ አለኝ። በሁለት አውራ ጣቴ ተጫንኩት። ቀጭ አለ፤ ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

ነጂብ ሮጦ መጣ። ራሙን አውጥቶ አገላብጦ አየው።

«ዲዲአር አራት ነው የላኩልሽ። ያንቺ ማሽን የሚቀበለው ዲዲአር ሦስት ነው። እዪ፣ መሃሉ ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያል። ለምን አልጠየቅሽኝም ሙኒራ?»

«ላስደስትህ ብዬ...» አለቀስኩ።

አሮጌው ራም ተቃጥሏል። አንዱ መሰኪያ ተሰንጥቋል፤ የቀረው አንድ ነው። ለሱ የሚሆን ራም ደግሞ ከተማው ውስጥ ጠፋ።

«ከአርብ በኋላ ባሕር ዳር እሄድልሻለሁ» አለኝ።

«በአላህ ነጂብ! አሥራ አራት ተማሪ ቅዳሜ ያስረክባል። ሾፌር ብልክ ደግሞ ይሳሳታል። ዛሬ ሂድ፣ ነገ ትመለሳለህ!»

እኔ ነኝ የላክሁት። በራሴ አፍ።

ረቡዕ የባሕር ዳር መንገድ ተዘጋ። ስልኩም ተቋረጠ። አርብ ሰው ሁሉ ከጁምአ ሲመለስ በር ላይ ቆሜ ነበር። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። ማንም አልመጣም።

«ቀረ» አሉ አባዬ።

«መንገዱ ተዘግቶበት ነው!»

«ሽማግሌ ሊልክ በቀጠረበት ሳምንት ዕቃ ሊገዛ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«እኔ ነኝ የላክሁት አባዬ! እኔ ነኝ!»

አላመኑኝም። ቃላቸውን ሰጡ። ኒካሁ፣ የጋብቻው ውል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ።

ነጂብ በሄደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጽሕፈት ቤቴ መጣ። ከስቷል፣ ጫማው አፈር ለብሷል። ሁሉንም መንገድ ላይ ሰምቷል። አክስቴ ፋጡማ ከጎኔ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ምንም ሳይለኝ ማሽኑን ከመብራት ነቀለ፣ ከእጁ ኤሌክትሪክ እንዲወርድ ብረቱን ነካ፣ ራሙን ቀስ አድርጎ ሰካ። ማሽኑ ተነሳ። ተማሪዎቹ ግን ሌላ ቤት አስተይበው ካስረከቡ ቆይተዋል።

«ልኩ ይሄ ነው» አለ፣ ሳያየኝ። «ከእንግዲህ አይደርቅብሽም። ሰውየውን... ወዳ ነው አሉኝ።»

«አዎ፣ ወዳ ነው!» አለች አክስቴ ቀድማ።

እኔስ? ዝም አልኩ!  እሱም ዝምታዬን አይቶ ወጣ። እጁ የነካውን ማሽን አቅፌ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

የኒካሁ ቀን ወንዶቹ ሳሎን፣ እኔ ጓዳ ነበርኩ። በኛ ወግ ሁለት ምስክሮች ገብተው ሙሽራዋን ይጠይቋታል፤ ኒካሁን እንዲያስሩላት አባቷን ወክላ እንደሆነ። ልጃገረድ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። ሁሉም የሚጠብቀው ዝምታ ነው።

«ልጄ ሙኒራ፣ አባትሽን ወክለሻል?» አሉኝ ጎረቤታችን ጋሽ አብዱ።

 አክስቴ ፈገግ አለች። «አፍራ ነው፣ ይበቃል።»

ምስክሮቹ ወደ በሩ ዞሩ። ሁለት እርምጃ ቀርቷቸው ነበር።

«አልወከልኩም!»

ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። «አልወከልኩም ጋሽ አብዱ! ይህን ሰው አላገባም!»

የተፈጠረውን አልነግራችሁም። አባዬ አምስት ወር አላናገሩኝም። በአንድ ቤት እየኖርን ሰላምታዬን አይመልሱም። ነጂብ እምቢ ማለቴን ሲሰማ የላካቸው ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ተስፋ ቆረጥኩ። አንድ ቀን ለአባዬ ምሳ ሳቀርብ ግን ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ያ ልጅ ባሕር ዳር ስንት ቀን ተያዘ?»

«አሥራ አንድ ቀን አባዬ።»

«ምን ይበላ ነበር?»

«አንድ መስጊድ እያደረ፣ ሰው የሰጠውን።»

ምሳቸውን ጨርሰው እጃቸውን ታጠቡ። «ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አሉ።

በሁለተኛው ኒካህ ጋሽ አብዱ ጓዳው በር ላይ ቆመው ቀሩ። «ልጄ፣ ዛሬስ ልግባ ወይስ ልመለስ?» ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ዝም ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን እንኳ ሳይጨርሱ «ወክያለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሳሎን ድረስ ተሰማ። አባዬ እዚያው ሰው ፊት አለቀሱ አሉ።