መሬት ያልነካ ግንባር

ማኅሌት እንደገና ሰገደች፤ ግንባሯ ግን እንደገና መሬት ሳይነካ ተመለሰ። አንድ ጣት ያህል ሲቀራት መዳፎቿን ምንጣፉ ላይ ገፍታ ትነሣለች። ከጧት ጀምሮ እንዲህ ነበረች። ነጠላዋ ፊቷን ስለ ሸፈነው ማንም አላየም፤ ቢያንስ ከሰው ማንም አላየም። ይህን ባሰበች ቍጥር ጀርባዋን ይበርዳታል።

ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ደስታነሽ ስግደት ስታስተምራት፣ «ግንባርሽ መሬት ካልነካ ጎንበስ አልሽ እንጂ አልሰገድሽም» ብላት ነበር። «ስትወድቂ ሁለንተናሽን ለእርሱ ትሰጫለሽ። ለራስሽ ቆንጥረሽ የምታስቀሪው የለም።» ማኅሌት ዛሬ፣ በዐሥራ አራት ዓመቷ፣ ቆንጥራ ያስቀረችው ነገር ነበራት። ግንባሯ መሬት ቢነካ ያ ነገር ከአፏ የሚወጣ፣ ወይም መሬቱ ይዞ የሚያስቀራት ይመስላት ነበር።

ዕለቱ ስቅለት ነው። የደብሩ ግቢ ከመቅደሱ ደጅ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ነጭ በለበሰ ሕዝብ ሞልቷል። በሮቹ ላይ ጥቁር መጋረጃ ተጋርዷል፤ ከአምቦ በላይ ያለው ሰማይም ከቀትር ጀምሮ ጠቍሯል። ካህናቱ «ኪርያላይሶን» ሲሉ ሕዝቡ ተቀብሎ ይወድቃል፤ ይነሣል፤ ደግሞ ይወድቃል።

ከአጠገቧ ወርቅቱ ትሰግድ ነበር። ወርቅቱ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ለትምህርት ከሸነን መጥታ በደብሩ አጥር ሥር ከአክስቷ ከድንቅቱ ጋር ትኖራለች። በሰንበት ትምህርት ቤትም አብረው ይዘምራሉ። እርሷ ስትወድቅ ምንም አታስቀርም፤ ጕልበቷ፣ ክርኗ፣ ግንባሯ ተከታትለው መሬት ይመታሉ፤ ስትነሣም ግንባሯ ላይ ክብ አፈር ይታያል። ማኅሌት ያን አፈር ላለማየት ዐይኗን ትመልሳለች።

ነገሩ የከበሮው ነበር።

በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ትልቅ ከበሮ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በአዳራሹ ማዕዘን እስከ ፋሲካ ዝም ይላል፤ መዘምራኑም የትንሣኤውን መዝሙር በባዶ ድምፅ ያጠናሉ። አዳራሹን የምትጠርገው ወርቅቱ ስለ ሆነች ቍልፉ በእርሷ እጅ ነበር። አስተባባሪያቸው ጋሼ ናትናኤል በፋሲካ ሌሊት ከበሮውን የሚመታውን ለመምረጥ ልጆቹን በየተራ አግዳሚ ወንበር ላይ በመዳፍ ያስመታቸው ጀመር። የወርቅቱ እጅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ከእርሷ የምትቀጥለው ማኅሌት ነበረች፤ እጇ ግን አልፎ አልፎ ምቱን ይስታል። ራሱን ከበሮውን አንድ ጊዜ ብትመታው እጇ የሚገራ መሰላት።

ስለዚህ ለሆሣዕና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ «ደብተሬን አዳራሽ ረስቻለሁ» ብላ ቍልፉን ከወርቅቱ ተቀበለች። ከበሮውን ገለጠችው። የሰሞኑ ዝናብ ቆዳውን አላልቶት ድምፁ ታፍኗል። ጋሼ ናትናኤል በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ ከበሮውን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ሲያሞቀው አይታለች። ያን ቀን ፀሐይ አልነበረም፤ ከአዳራሹ ጀርባ ግን ለማዕጠንቱ የተያያዘ ፍም ነበር። ከበሮውን ወደ ፍሙ አስጠጋችው። ቆዳው ተወጠረ፤ ሁለት ጊዜ በቀስታ መታችው፤ ድምፁ አማረ። ሦስተኛውን ስትመታ ቆዳው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተሰነጠቀ። ጠቅልላ ወደ ነበረበት መለሰችው።

በሆሣዕና ዕለት ጋሼ ናትናኤል ለፋሲካ ሊያዘጋጀው ጨርቁን ገለጠ። ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው።

«ቍልፉ በማን እጅ ነበር?» አለ።

«በእኔ» አለች ወርቅቱ።

«ጾሙን ሽረሽ መታሽው?»

«አልመታሁም፣ ጋሼ።»

ጋሼ ናትናኤል ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን እውነቱን እስክትናገር ድረስ የመዘምራንን ልብስ እንዳትለብስ ከለከላት። ከበሮውም አዲስ ቆዳ ተወጥሮለት በፋሲካ ሌሊት ማኅሌት እንድትመታው ተወሰነ። ከአዳራሹ ሲወጡ ወርቅቱ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«ማሂ፣ ያን ቀን ከበሮውን ነክተሽው ነበር እንዴ?»

«እኔ? ደብተሬን ብቻ ነው ያነሣሁት።»

«እሺ» አለች ወርቅቱ። «አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር።»

ያቺ ቃል ማኅሌትን ከማናቸውም ስድብ ይልቅ አስፈራቻት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ንባቡ ተፈጸመ። እንደ ዕለቱ ሥርዓት ሕዝቡ በካህናቱ ፊት ተሰለፈ። ሰው ሁሉ በየተራው የበደለውን ይናገራል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጎ የሚሰግደውን ቍጥር ይነግረዋል። ልጆቹ በመምሬ ጉግሳ ሰልፍ ቆሙ። ወርቅቱ ከማኅሌት ፊት ነበረች፤ ከወርቅቱ ፊት ሰባት ሰው አለ።

ከእነርሱ ጋር የሚዘምረው ቀልደኛው ኤቢሳ ተራውን ጨርሶ ወገቡን ይዞ እያነከሰ መጣ።

«መምሬ ዘንድሮ ጨምረዋል» አለ በሹክሹክታ። «አምና በሃያ የጨረስኩትን ኃጢአት ዘንድሮ ሠላሳ አሉኝ!»

«አምናም ዘንድሮም ያንኑ ከሠራህ ምን ያድርጉህ?» አለች ወርቅቱ።

«አንቺ ደግሞ! ጕልበቴ አልቋል ባክሽ፤ ለፋሲካ በቃሬዛ ነው የምመጣው።»

ማኅሌት መሣቅ አቃታት። ከፊታቸው ስድስት ሰው ቀርቷል። ኤቢሳ ሲርቅ ወርቅቱ ወደ እርሷ ዞረች።

«ማሂ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንዳትጮኺብኝ። እኔ ነኝ ልላቸው ነው።»

«ምኑን?»

«ከበሮውን። እኔ ነኝ የሰነጠቅሁት ልል ነው።»

ማኅሌት ክንዷን ያዘቻት።

«አብደሻል እንዴ? ሳታደርጊው?»

«ምን ላድርግ? አክስቴ አዳዳ ድንቅቱ ‹በቤተ ክርስቲያን አዋረድሽኝ› ብላ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም። አሁን መምሬ ይመቱኛል፤ እሰግዳለሁ፤ ለጋሼም እነግረዋለሁ፤ በቃ ያልቃል። ልብሱን ይመልስልኛል።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ከሸነን የመጣሁ ጊዜ ክፍል ውስጥ ማንም አያናግረኝም ነበር። እዚህ ስዘምር ነው ሰው የሆንኩት። ፋሲካን ደጅ ቆሜ ማየት አልችልም። ማሎ፣ እባክሽ ተይኝ።»

«ግን ውሸት ነው እኮ! ዛሬ! በስቅለት!»

«አውቃለሁ» አለች ወርቅቱ። «ከጧት ጀምሮ ይቅር በለኝ እያልኩ የምሰግደው ገና ላልዋሸሁት ውሸት ነው።»

ከፊታቸው ሦስት ሰው ቀረ።

ማኅሌት ዝም ብትል ነገሩ ለዘለዓለም እንደሚዘጋ ተረዳች። ማንም አይጠይቃትም። ወርቅቱ ልብሷን ታገኛለች፤ ከበሮው በማኅሌት ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሕዝቡም በእርሷ ምት እልል ይላል። ይህ ሁሉ እንደሚሆን ባወቀች ጊዜ እስከዚያች ሰዓት ያልፈራችውን ፍርሃት ፈራች። እናቷን መፍራት፣ ጋሼ ናትናኤልን መፍራት ታውቀው ነበር። አሁን ግን የፈራችው ማንም ሳይደርስባት ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ እያለች መኖርን ነበር። ወርቅቱንም ፈራች፤ እነዚያ እምነት የሞላባቸው ዐይኖች እውነቱን ሰምተው የሚለወጡበትን ቅጽበት ፈራች።

የመጨረሻው ሰው ከመምሬ ጉግሳ ፊት ተነሣ። ወርቅቱ እግሯን አነሣች። ማኅሌት ነጠላዋን ከኋላ ያዘቻት።

«ወርቄ፣ አስቀድሚኝ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ አስቀድሚኝ። ግን እንዳትርቂ፤ አጠገቤ ቁሚ።»

መልሷን ሳትጠብቅ አልፋት ተንበረከከች። መምሬ ጉግሳ ቀኑን ሙሉ ቆመው ከመዋላቸው የተነሣ ድምፃቸው ሻክሯል።

«ምን በደልሽ?»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ተናገሪ እንጂ ልጄ፤ ከኋላሽ ሰው ቆሟል።»

«አባቴ...» አለች፤ ከዚያም ወርቅቱ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «የሰንበት ትምህርት ቤቱን ከበሮ በጾም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፍም አጠገብ አድርጌ የሰነጠቅሁትም እኔ ነኝ። ወርቅቱ አይደለችም። ስትጠይቀኝ ደግሞ ዋሸኋት።»

ከኋላዋ ትንፋሽ ሲቋረጥ ተሰማት። የወይራው ቅጠል በመምሬ እጅ ላይ እንዳለ ቆመ።

«እኔ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም» አሉ መምሬ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለናትናኤል ማን ይነግረዋል?»

«እኔ።»

«መቼ?»

ጋሼ ናትናኤል በአዳራሹ ደጅ ቆሞ ይታይ ነበር።

«ዛሬ። ሰግጄ እንደ ጨረስኩ።»

ወይራው ሦስት ጊዜ ጀርባዋ ላይ አረፈ። እንደ ፈራችው አልነበረም፤ ቅጠል ብቻ ነበር።

«አርባ አንድ» አሉ መምሬ። «ሂጂ።»

ስትነሣ ከወርቅቱ ጋር ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ወርቅቱ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«አንቺ ነበርሽ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ማኅሌት ምንጣፍ ከሌለበት፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሄዳ ቆመች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች፤ ወደ እርሷ የሚመጣ ይሁን የሚርቅ መለየት አልቻለችም። ዞራ ለማየት ፈለገች፤ አልዞረችም። ጕልበቷን፣ ከዚያም ክርኗን መሬት አስነካች፤ መዳፎቿም እንደ ለመዱት ሊገፏት ሲሉ ከለከለቻቸው።

አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር።

«አንድ» አለች።